ያመሰገንነው ግን ያላነበብነው መጽሐፍ

ስለ ቅዱስ ያሬድ ያልተባለ ምስጋና የቀረ አይመስለኝም። የዜማ አባት ተብሏል። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ ዜማዎች ከሰማይ እንደ ተሰጡት ተነግሯል። ዛፍ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ሞክራ ወድቃ በሰባተኛው የተሳካላትን ትል አይቶ ጥሎት ወደ ሄደው ትምህርት መመለሱን በልጅነቱ ያልሰማ የለም። በስሙ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቆሟል። ግንቦት 11 ቀን በመጣ ቁጥር ይወደሳል፤ በየጉባኤው ከአውሮፓ የዜማ ሊቃውንት ስንት መቶ ዓመት እንደሚቀድም ይነገርና ይጨበጨባል። ጭብጨባው ሲያበቃ መጽሐፉ እንደ ተከደነ ይቀራል።

ይህን የምለው ስለ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አይደለም። ጋይንት ቤተ ልሔም ወርደው ድጓ ያስመሰከሩ መምህራን መጽሐፉን ከነምልክቱ ያውቁታል፤ በእነሱ ሙያ ለመግባት ድፍረቱም ዕውቀቱም የለኝም። ወቀሳዬ በእኛ ላይ ነው። ስለ ግጥምና ስለ ልብ ወለድ በምንጽፈው፣ ከእነ ደበበ ሰይፉ የወረስናቸውን «ገጸ ባሕርይ»፣ «መቼት»፣ «ሴራ» የሚሉ ቃላት ይዘን የሰው ድርሰት በምንመዝነው ላይ ነው። ትናንት ለታተመ ልብ ወለድ ሦስት ገጽ ሂስ እንጽፋለን። በየዓመቱ ስምንት ሳምንት ሙሉ በየሰፈራችን በድምፅ ማጉያ ስለሚሰማው ድርሰት ግን አንድ አንቀጽ አንጽፍም። እኔም ራሴ አልጻፍኩም። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ በየመጽሔቱ እየጻፍኩ ስኖር ዐሥር ዓመት አልፎኛል፤ በነዚህ ዓመታት ስለ ዐቢይ ጾም የጻፍኩት ነገር ቢኖር የቅበላ ሰሞን የሥጋ ዋጋ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ጾመ ድጓ ነው። ጾመ ድጓ ለዐቢይ ጾም የተለየው የድጓ ክፍል ነው። ትውፊቱ በ6ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ጊዜ ለነበረው ለያሬድ ይሰጠዋል። ሆኖም ድጓ በብዙ እጅ ያለፈ መጽሐፍ መሆኑን ሊቃውንቱም አይክዱም፤ ዛሬ ከቃሉ በላይ የምናያቸውን የዜማ ምልክቶች እንኳ የሠሯቸው በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ የነበሩት ዐዛዥ ጌራና ዐዛዥ ራጉኤል ናቸው። የሳምንቱን ወንጌል የሚደለድለው ደግሞ ግጻዌ የሚባለው ሌላ መጽሐፍ ነው። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ፣ ግእዜ ባልያዘበት ቦታ የሰፈራችንን መሪጌታ እያስቸገርኩ፣ እንደ አንድ ድርሰት ለማንበብ ሞክሬአለሁ። አንብቤም የደረስኩበት ነገር ቢኖር እኛ «ዝግጅት» የምንለውና ይህ ድርሰት «ዝግጅት» የሚለው ነገር እጅግ የተራራቁ መሆናቸውን ነው።

በመጀመሪያ የእኛን ልናገር። ከተማችን ለጾም እንዴት እንደሚዘጋጅ ለማወቅ የቅበላን እሑድ ሥጋ ቤት በር ላይ መቆም ይበቃል። ቢላዋው እንደ ፋብሪካ ይሠራል። ሰኞ ይነጋና ሥጋ ቤቱ መጋረጃውን ይጥላል፤ ምግብ ቤቶች «የጾም አለ» የሚል ወረቀት ይለጥፋሉ፤ የጾም በያይነት፣ የጾም ኬክ፣ ከእንጉዳይ የተሠራ የጾም ክትፎ ይመጣል። በዚህ አልስቅም፤ እኔም በልቼዋለሁ። የሚገርመኝ ግን ጾሙ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በማዕድ ቋንቋ ብቻ መነገሩ ነው። ምን ይበላል፣ ምን አይበላም፣ ዓሣስ፣ በስንት ሰዓት ይፈታል፣ ዶሮ ዘንድሮ ስንት ይገባል። ሃምሳ አምስቱ ቀን ሃምሳ አምስት ተመሳሳይ ቀን ይሆናል፤ መኻሉ ከዳሩ አይለይም፤ ተቆጥሮ የሚያልቅ እንጂ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ ነገር አይመስልም።

ሌላው ዝግጅታችን መዝሙር ነው። ጾሙ ሲገባ የንስሐ መዝሙር ከየሱቁ ይለቀቃል፤ ድሮ በካሴት፣ አሁን በስልክ። የማንንም ስም አላነሳም፤ በቅን ልብ የተሠሩ መሆናቸውንም አልጠራጠርም። እንደ ሐያሲ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። አብዛኞቹ አንድ ስሜት ብቻ ነው ያላቸው፤ እንባ። ዘማሪው «እኔ ኃጢአተኛ ነኝ» ይላል፤ ምን እንዳደረገ ግን አይናገርም። ኃጢአቱ ቦታ የለውም፣ ሰዓት የለውም፣ የተበደለ ሰው የለውም። እንዲህ ያለ ኃጢአት ለመናዘዝ በጣም ይመቻል። ደግሞም ብዙዎቹ በከበሮ የታጀቡ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዐት ግን በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ ሊቃውንቱ የሚዘሙት በመቋሚያ ብቻ ነው። ይህ ዝምታ የድርሰቱ አንድ ክፍል ነው። ዓመቱን ሙሉ ከበሮ የለመደ ጆሮ ድንገት ድምፁ ሲጎድልበት ቃሉን ለመስማት ይገደዳል። ጥንቃቄው ምን ያህል እንደ ሆነ ለማየት መጋቢት 27 የሚውለውን የስቅለት በዓል ወደ ጥቅምት 27፣ መጋቢት 29 የሚውለውን የብሥራት በዓል ወደ ታኅሣሥ 22 አውጥተው የሚያከብሩ መሆናቸውን ማስታወስ ነው። ዝምታው እንዳይሰበር በዓል ከቦታው ይነሣል። እኛ ግን ታክሲ ውስጥ እንሰብረዋለን።

አሁን ወደ ድርሰቱ ልግባ። የጾሙ እሑዶች ስማቸውን ያገኙት በዕለቱ ከሚባለው መዝሙር ነው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። ያሳደገችኝ አክስቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ እነዚህን ስሞች ግን እንደ ወር ትቆጥርባቸው ነበር። «ጣሪያው ያፈሰሰው በምኩራብ ነው» ትላለች። «ገብር ኄር ሳይደርስ በርበሬው መቀንጠስ አለበት» ትላለች። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች እየሸጠች ነው እኔን ያስተማረችኝ። እኔ ስሞቹን ከእሷ አፍ ስሰማቸው ኖሬ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ይያያዝ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ይያያዛል። ከሁሉ አስቀድሞ ያስደነቀኝ ነገር እነሆ። በመጀመሪያው እሑድ፣ በዘወረደ፣ የሚነበበው ወንጌል ከዮሐንስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 10 ጀምሮ ያለው ነው፤ ከሰማይ ስለ ወረደው የሚናገረው። ይህ ንግግር መልስ ነው። ማታ ተደብቆ የመጣ አንድ መምህር ለጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ መልስ። ጠያቂው ግን በዚያ እሑድ ስሙ አይነሣም። ስሙ የሚመጣው በሰባተኛው እሑድ ነው፤ ኒቆዲሞስ ተብሎ፣ የዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ሲነበብ። መልሱ በመጀመሪያ፣ ጥያቄው ከስድስት ሳምንት በኋላ! አንድ የዘመናችን ደራሲ ይህን ቢያደርገው «የጊዜ ቅደም ተከተልን መስበር» ብለን ገጽ እንሞላለት ነበር። በእኔ ግምት ነገሩ እንዲህ ነው፤ በጾሙ መግቢያ መልሱን የሚሰማው ሰው ገና ጥያቄ የለውም። ሆዱ ሙሉ ነው፤ ዕለቱ ቅበላ ነው። ጠያቂ እስኪሆን ስድስት ሳምንት ይሰጠዋል።

ስለዚህች የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ጾመ ሕርቃልም ትባላለች። ሕርቃል በ7ኛው መቶ ዘመን የነበረ የቢዛንታይን ንጉሥ ነው፤ መስቀሉን ከፋርስ ባስመለሰበት ዘመን ነፍስ በመግደሉ የወደቀበትን ጾም ምእመናን ተካፍለው እንደ ጾሙለት ይተረካል። ንጉሡ ከያሬድ በኋላ የመጣ ስለሆነ ይህ ስም ቆይቶ የተደረበ መሆኑ ግልጽ ነው። ግን የደረበው ሰው ጥሩ አንባቢ ነበር እላለሁ። የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት የራስ ሳይሆን የሌላ ሰው ዕዳ የሚከፈልበት ሆነ።

ቅድስትን በአጭሩ ላንሣት። ወንጌሏ ማቴዎስ 6 ነው፤ ስትጾሙ ፊታችሁን አታጠውልጉ፣ ታጠቡ፣ ራሳችሁን ተቀቡ የሚለው ትምህርት። እነሆ ገና ጾሙ ሳይፋፋም፣ በድርሰቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ፣ ልቅሶ የሚመስለው ጾማችን ተነቅፏል። ይህን አንብቤ በታክሲ የሰማሁት እንባ የበለጠ ከበደኝ።

ዋናው ነገር ግን የሚመጣው ከሦስተኛው እሑድ ወዲህ ነው። እስከ ሰሙነ ሕማማት ድረስ የሚያልፉት ሳምንታት ተራ የትምህርት ርእሶች ሆነው ይታዩኝ ነበር። አንዱ ስለ ንግድ፣ አንዱ ስለ በሽታ፣ አንዱ ስለ ዓለም ፍጻሜ። አሁን እንደሚመስለኝ ግን ደራሲው የሚያደርገው ሌላ ነው። ሰዎችን፣ ቦታዎችንና ቃላትን አንድ በአንድ ያስተዋውቀናል፤ በመጨረሻው ሳምንት ሁሉም ተመልሰው ይመጣሉ።

ምኩራብን ውሰዱ። ጌታ ሻጮችን ከመቅደስ ያስወጣል፤ በዚያው ላይ ይህን ቤተ መቅደስ አፍርሱት፣ በሦስት ቀን አነሣዋለሁ ይላል። ቃሏ በዚያ እሑድ ተሰምታ ታልፋለች። አምስት ሳምንት ቆይታ፣ ሐሙስ ሌሊት በሊቀ ካህናቱ ግቢ፣ ምስክሮች አጣመው ለክስ ያቀርቧታል። ደብረ ዘይት ደግሞ ቦታ ነው። (ስሙ ሲጠራ ቢሾፍቱና ሐይቁ ትዝ የሚለን ሰዎች ጥቂት አይደለንም፤ ይቅር በለን።) በጾሙ እኩሌታ፣ በዚያ ተራራ ላይ ተቀምጦ ነቅታችሁ ጠብቁ ብሎ ያስተምራል። ሐሙስ ማታ ወደዚያው ተራራ ይመለሳል፤ የተነገራቸውም ሰዎች እንቅልፍ ይጥላቸዋል። አንባቢው ተራራውን ያውቀዋል። ማን እንደ ተኛም፣ ምን ተብሎ እንደ ነበርም ያውቃል።

ገብር ኄር ላይ አንድ ነገር ታይቶኝ ነበር፤ መክሊቱን መሬት ውስጥ ስለ ቀበረው አገልጋይና በመጨረሻ የመቃብር መሬት ስለ ተገዛበት ሠላሳ ብር። ነገር ግን ይህ የእኔ መለጠጥ ሊሆን ስለሚችል አልገፋበትም። ሐያሲ ያየውን ሁሉ መጻፍ የለበትም።

ያለ ምንም መለጠጥ የሚቆመው ግን የሁለቱ ሰዎች ነገር ነው፤ የመጻጉዕና የኒቆዲሞስ።

መጻጉዕ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት የተኛ በሽተኛ ነው። ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ አዎ አይልም። ውሃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ብሎ ያማርራል። እንደዚያም ሆኖ ይድናል፤ አልጋውን ተሸክሞ ይሄዳል። ወንጌሉ ላይ ታሪኩ በዚህ ያልቃል ማለት ይቻላል። በአንድምታው ትርጓሜና በሰባኪዎቻችን አፍ ግን አያልቅም። በሊቀ ካህናቱ ፊት ጌታን በጥፊ የመታው ያ ስሙ ያልተጠቀሰ ሎሌ መጻጉዕ ነው ይላሉ። 38 ዓመት ሽባ የነበረች እጅ፣ ከዳነች በኋላ የተዘረጋችው ባዳናት ሰው ፊት ላይ ነው። አንድ የታሪክ ምሁር ይህን ማስረጃ የለውም ብሎ ሊተወው ይችላል። እንደ ድርሰት ግን አስቡት። በአራተኛው እሑድ አዝነንለት፣ መዳኑን እልል ብለን የሸኘነው ሰው በሐሙስ ሌሊት ተመልሶ ሲመጣ ምን ይሰማናል? ስለ ራሳችን እልልታስ ምን እናስባለን?

ኒቆዲሞስ ተቃራኒው ነው። መጻጉዕ በቀን ብርሃን፣ በሕዝብ መኻል ተገናኘ፤ ኒቆዲሞስ በሌሊት፣ ሰው እንዳያየው። አመጣጡ የፈሪ ነው። ጥያቄውም ብልህ አይመስልም፤ ሽማግሌ ሰው ወደ እናቱ ማኅፀን ተመልሶ ይገባልን ይላል። በሰባተኛው እሑድ ስንለየው ያምን አያምን እንደሆነ እንኳ አይነገረንም። ዓርብ ማታ ግን፣ ሌሎቹ ሁሉ ሲሸሹ፣ መቶ ንጥር ያህል ከርቤና እሬት አሸክሞ ይመጣና ሥጋውን ከዮሴፍ ጋር ሆኖ ይገንዛል።

አንዱ እጅ መታ፣ ሌላው እጅ ገነዘ። ድርሰቱ ሁለቱንም ከሳምንታት በፊት አስተዋውቆን ነበር፤ ያኔ ግን የትኛው ምን እንደሚያደርግ መገመት አንችልም። እንዲያውም ብንጠየቅ ተገላቢጦሽ እንመልስ ነበር። እንግዲህ የዚህ መጽሐፍ «ዝግጅት» ይህ ይመስለኛል። ወደ ሕማማት ሳምንት የሚገባው ሰው ሆዱን ባዶ አድርጎ ብቻ አይገባም፤ ሰዎቹን አውቋቸው ይገባል፤ ከእነሱም ማንን እንደሚመስል ሃምሳ ቀን ሙሉ ሲጠየቅ ቆይቶ ይገባል።

ይህ አደረጃጀት ግድ ስለሆነ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳቶቻችንን ስትልክልን የኖረችው የግብፅ ቤተ ክርስቲያን የራሷ የጾም እሑዶች አሏት። ከእኛ ጋር የምትጋራው አለ፤ ስለ ሰማይ መዝገብ የሚናገረውን ወንጌል፣ የቤተ ሳይዳውን በሽተኛና ሆሣዕናን። ቀሪዎቹ ግን ይለያሉ። በእሷ ዘንድ የጠፋው ልጅ እሑድ አለው፣ ሳምራዊቷ ሴት እሑድ አላት፣ ዕውር ሆኖ የተወለደውም አለው። እጅግ ውብ ታሪኮች ናቸው፤ ጠፍቶ የተገኘ፣ ተጠምታ የጠጣች፣ ታውሮ ያየ። የእኛዎቹ ደረቅ ያሉ ናቸው። ነጋዴ ይባረራል፣ አገልጋይ ሒሳብ ይጠየቃል፣ ተራራ ላይ ፍርድ ይነገራል። የእነሱ አደረጃጀት ያጽናናል፤ የእኛ ይጠይቃል። የትኛው ይሻላል ብዬ አልፈርድም። አንዳንድ ዓመት የጠፋው ልጅ እሑድ ቢኖረን ብዬ ተመኝቻለሁ።

ስለ ሳምራዊቷ ከተነሣ በድርሰቱ ላይ ያለኝን ቅሬታ ልናገር። ከስምንቱ እሑዶች በሴት ስም የተሰየመ የለም። («ቅድስት» የተባለችው ሰንበት ናት።) በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያኑን የሚሞሉት ግን ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች ናቸው። አንድ ጊዜ ይህን እንደ ግኝት ቆጥሬ ለአክስቴ ነገርኳት። በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ሴቲቱማ ረቡዕ ትመጣለች፤ ሽቶዋን ይዛ» አለችኝ። በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ የመልካም መዓዛ ቀን፣ የእንባ ቀንም ይባላል፤ አንዲት ሴት ጌታን ሽቶ የቀባችበት ዕለት ነው። ለመቃብሩ እንደ ቀባችው ወንጌሉ ይናገራል። ስለዚህ እሷም የመገነዙ ወገን ናት፤ ከኒቆዲሞስም በሁለት ቀን ትቀድመዋለች። አክስቴ ፊደል ሳትቆጥር ከእኔ የተሻለ አንብባለች ማለት ነው። ያም ሆኖ ቅሬታዬን አላነሣም፤ እሑድ ይገባት ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምጽፍበትን ምክንያት ካልተናገርኩ ግን ከላይ የወቀስኳቸውን መዝሙሮች መሆኔ ነው።

አክስቴ በመጨረሻው ዓመቷ ከወገቧ በታች እየደከመች መጥታ አልጋ ላይ ዋለች። እኔ ሌሊት ሌሊት እየጻፍኩ ቀን የምተኛ ሰው ነኝ፤ ማታ ማታ ትጠራኛለች። ውሃ ትላለች፣ ገልብጠኝ ትላለች። መጻጉዕ ባለፈ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ልትጠይቃት መጥታ ስታወሩ ሰማኋት። «ሰው የለኝም እኮ» አለች አክስቴ። ያን ቃል ስንት ጊዜ ከአፏ ሰምቼው ይሆናል፤ የባልቴት ወግ ነው። ያን ቀን ግን ጽሑፍ የተመለሰብኝ ቀን ነበርና ገባሁና «እቴቴ፣ እኔ ሰው አይደለሁም? አንቺ እኮ መዳኑንም አትፈልጊውም!» አልኳት። ጎረቤታችን ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። አክስቴ ምንም አልመለሰችም። በኋላ ውሃ ሳቀብላት «እጅህ ቀዘቀዘ፤ ሹራብ ደርብ» ብቻ ነው ያለችው።

የመጻጉዕን ጥፊ የነገረችኝ እሷ ናት፤ ልጅ ሳለሁ። ያንን ሌሊት ግን ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ለሆሣዕና በወንበር ተሸክመን ወሰድናት። ዘንባባ ጣቷ ላይ አሰርንላት። በዚያ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል፤ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይፈታ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞቱ ሁሉ አስቀድሞ የሚጸለይ ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ጸሎት ቆሜ መስማት ያስፈራኝ ነበር፤ ማን እንደሚሞት ማንም አያውቅምና። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ማክሰኞ ሌሊት አረፈች። ፍትሐቷን በጆሮዋ ሰምታ ነበር።

ረቡዕ ከቀትር በፊት ቀበርናት። በሕማማት ሰው አይሳሳምም፤ የይሁዳን ሰላምታ ለማሰብ። ለቀስተኛው እየገባ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ አንድም ሰው ጉንጬን አልሳመኝም። ለእኔ የተገባ መሰለኝ።

ዓርብ ከስግደቱ በኋላ ወረፋ ይዤ ቄሱ ፊት ደረስኩ። ወይራ ቅጠሉን ይዘው በየተራ ያጠፋነውን ይጠይቃሉ፤ በቅጠሉ ጀርባችንን መታ መታ አድርገው ስንት እንደምንሰግድ ይነግሩናል። ከፊቴ የነበረው ሰው «ዓርብ ዕለት ዘይት ያለበት በልቻለሁ» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ያሳደገችኝን ሰው መዳን አትፈልጊም አልኳት አልኩ። ቄሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«በሕይወት አለች?»

«ረቡዕ ቀበርናት።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በቅጠሉ መቱኝና «ሃምሳ ስገድ» አሉኝ። ከአጥሩ ሥር ቦታ ፈልጌ ጀመርኩ። ሃያ ምናምን ላይ ስደርስ ቆጠራው ጠፋብኝና እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።